ኤድዋርድ ሩፔልና የጣና ዓሣ በል ዓሦች

ኤድዋርድ ሩፔል በ1794 (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው) በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ተወለደ። በ1832 ዛሬ የጃናሞራ ከተማ መካነ ብርሃን የምትገኝበትን የስሜንን ተራራማ አገር አቋርጦ ጎንደር ገባ። ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ ዓለም በማስተዋወቁ ስሙ ከተራሮቹ ጋር ይነሣል፤ ከጣና የሰበሰባቸው ዓሦች ግን እምብዛም አይወሱም፤ ሊወሱ ይገባ ነበር።

ሩፔል ነጭ ዓሣ የሚባሉትን በአፍ፣ በከንፈርና በአካል ቅርጽ እየለየ ለየብቻ ሰየማቸው። ከነዚህ ጎርጓሪ ዓሣ በል፣ ከንፈረ ወፍራሙ ነድጂያ ከሐይቁ ወለል ነፍሳት ለቃሚ፣ ሱርኪስ ደግሞ ዕፅዋት በል መሆናቸው የተረጋገጠው ከረዥም ዘመን በኋላ ነው። እንዲያውም በ1973 የወጣ ጥናት ሁሉንም በአንድ ዝርያ ጠቀለላቸው።

ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። አንድ አዳኝ ዓሣ በቀን የሚበላው መጠን የሚገመተው እንደ ውሃ ማጠራቀሚያ ስሌት ነው፦ በአንጀቱ የተገኘው አማካይ ምግብ በየሰዓቱ ተፈጭቶ በሚያልፈው ድርሻ፣ ከዚያም በ24 ይባዛል። ውሃው ሲሞቅ ድርሻው ይጨምራል። ነጭ ዓሣ ጨጓራም የመንጋጋ ጥርስም የለውም፤ የዋጠውን በጉሮሮ ጥርሱ ስለሚያደቅቀው የታዳኙ ርዝመት ከተረፈው አጥንት ይሰላል። ይህ ሁሉ ድካም አዳኙንና ዕፅዋት በሉን በአንድ ስም ከደመረ፣ የሚገኘው አማካይ ለአንዱም አይሆንም።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ወደ 15 የሚደርሱ ዝርያዎችን ዳግመኛ ለዩ፤ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ሩፔል የሰጣቸው ስሞችም ተመለሱ። እርሱ ግን በ1884 በተወለደበት ከተማ ዐርፎ ነበር።