ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፦ ከአራዳ ቤተ መንግሥት እስከ ሕሙማን አልጋ

መግቢያ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው በሐኪሞችና በሕንፃዎች ስም ነው። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተቋቋመው ሆስፒታል፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1910ዎቹ በአራዳ ላይኛው ክፍል ያስከፈቱት ቤተ ሳይዳ ሆስፒታል ተደጋግመው ይነሣሉ። በሕመምተኛው ራስጌ ቆሞ ቀንና ሌሊት የሚጠብቀው የነርስ ሙያ ግን በዚህ ትረካ ውስጥ ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ሆኖም ሆስፒታልን ሆስፒታል የሚያሰኘው አልጋና መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የሠለጠነ አስታማሚ መኖሩም እንደ ሆነ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ አጭር ሕይወት በጉልህ ያሳያል። ይህ ጽሑፍ የልዕልቲቱን ሕይወትና ከሞታቸው በኋላ በስማቸው የተሠራውን ሆስፒታል በመከተል፣ የሆስፒታል አገልግሎት መሻሻል በኢትዮጵያ ከእናቶችና ከሕፃናት እንክብካቤ ጋር እንዴት እንደ ተሳሰረ ይመረምራል። የአውሮፓ አቆጣጠር ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ልጅነት በአራዳ

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ ባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴና አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። የከተማዪቱ እምብርት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚውለው የአራዳ ገበያ ነበር። ከገበያው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲወጣ፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ በሚባለው አካባቢ፣ የራስ ተፈሪ ግቢ፣ ቤተ ሳይዳ ሆስፒታልና እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተቀራርበው ይገኙ ነበር። እንግዲህ ልዕልቲቱ ያደጉት ትምህርት ቤትና ሆስፒታል እንደ አዲስ ነገር በሚታዩበትና ሁለቱም በቅርብ በሚገኙበት ሰፈር ነው።

ይሁን እንጂ የዘመኑ ሆስፒታሎች በሐኪምም በነርስም ረገድ የቆሙት በውጭ አገር ሰዎች ላይ ነበር። የሠለጠነች ኢትዮጵያዊት ነርስ አልነበረችም። ሕመምተኛን መንከባከብ የቤተ ዘመድ ግዴታ ወይም የአገልጋይ ሥራ እንጂ በትምህርትና በፈተና የሚገኝ ሙያ ተደርጎ አይታይም ነበር። የንጉሥ ልጅ ይህን ሥራ ትመርጣለች ብሎ የሚያስብ ቀርቶ፣ ሥራው ትምህርት እንደሚያስፈልገው የሚረዳውም ጥቂት ሰው ነበር።

ጦርነትና ስደት

የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሲጀመር ልዕልት ፀሐይ ገና 16 ዓመት እየሞላቸው ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። የመዲናዪቱ ሴቶች በማኅበር ተሰባስበው ለግንባር ፋሻና አልባሳት ሲያዘጋጁ ልዕልቲቱ ከመካከላቸው ነበሩ። ጦርነቱ የሕክምና ጣቢያዎችንም አላዳነም። በኅዳር ወር መጨረሻ 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ በዚያ የነበረው የአሜሪካውያን ሆስፒታል ተመታ። በታኅሣሥ ወር በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖች ተደበደቡ። የመርዝ ጋዝ በሠራዊቱና በሰላማዊው ሕዝብ ላይ በወረደ ጊዜ ልዕልት ፀሐይ ግፉን የሚያስረዳ የቴሌግራም ጥሪ ወደ እንግሊዝ አገር ሴቶች ላኩ፤ ጥሪውም በለንደን ጋዜጣ ታተመ።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ቤተሰቡ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደደ። ልዕልት ፀሐይ አባታቸውን ተከትለው በግንቦት ወር መጨረሻ ለንደን ገቡ። እንግሊዝኛ አጣርተው ይናገሩ ስለ ነበር በስብሰባዎች ላይ ለንጉሠ ነገሥቱ በአስተርጓሚነት አገለገሉ። የለንደኑን ሌጋሲዮን ይመሩ የነበሩት ደግሞ በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን ቀዳሚው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ልዕልቲቱ ከእንግዳ ተቀባይነትና ከአስተርጓሚነት ባሻገር የራሳቸውን ሙያ የመረጡት በዚህ የስደት ዓመት ነው።

ግሬት ኦርመንድ ስትሪት

ልዕልት ፀሐይ ሥልጠናቸውን የጀመሩት በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነው። ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1852 በ10 አልጋዎች ተከፍቶ፣ ሕፃን ልጅ የራሱ በሽታና የራሱ አያያዝ እንዳለው በተግባር ያስተማረ ተቋም ነበር። እሳቸው በገቡበት ዘመን የሕፃናት ሕክምና በፍጥነት ይለወጥ ነበር። ለምሳሌ ሳንባንና ቆሽትን የሚያጠቃው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለው የዘር በሽታ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑ ተለይቶ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1938 በኒው ዮርክ፣ በዶክተር ዶሮቲ አንደርሰን ነው። እስከዚያ ድረስ በዚህ በሽታ የተያዙ ሕፃናት በምግብ እጦት ወይም በሳንባ ምች እንደ ሞቱ ይቆጠር ነበር።

ፔኒሲሊን ገና ለሕክምና አልዋለም ነበር፤ የሰልፋ መድኃኒቶችም ገና መግባታቸው ነው። ስለዚህ የታመመ ሕፃን በሕይወት መቆየት በአብዛኛው የተመሠረተው በነርሷ ሥራ ላይ ነበር። ወተቱን መጥኖ ማዘጋጀት፣ ሙቀቱን በየሰዓቱ መዝግቦ መያዝ፣ አየር ማናፈስ፣ ተላላፊ ሕመም ያለበትን ለይቶ ማስተኛት፣ ዕቃውን መቀቀል፣ እጅን መታጠብ የሥልጠናው መሠረት ነበሩ። እነዚህ ነገሮች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት የተማረ እጅና የማይቋረጥ ትጋት ነው። ለድሃ አገር ሆስፒታል ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር።

ልዕልት ፀሐይ ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። በሳምንቱ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። ከዚያም በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል የአዋቂዎችን ነርስነት መማር ቀጠሉ። ትምህርቱ ሳያልቅ ኢትዮጵያ ነጻ ወጣች።

መመለስና ሞት

ልዕልቲቱ ሲመለሱ የልጅነት ሰፈራቸው ተለውጦ ነበር። የአራዳ ገበያ በወራሪው ትእዛዝ ወደ አዲስ ከተማ ተዛውሮ፣ የቀድሞው ሰፈር ፒያሳ የሚለውን የኢጣሊያንኛ ስም ይዟል። ያደጉበት ግቢ የፋሺስቱ እንደራሴ መቀመጫ ሆኖ ቆይቶ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለተጀመረው ጭፍጨፋ መነሻ ሆኗል። ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገድለዋል፤ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር።

ልዕልት ፀሐይ በቤተ መንግሥት ከመቀመጥ ይልቅ ሥራቸውን መረጡ፤ ወደ ደሴ ሄደውም በሆስፒታል በነርስነት አገለገሉ። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከሌተና ኮሎኔል ዐቢይ አበበ ጋር ተጋቡ። ባለቤታቸው በወለጋ ተሹመው ስለ ነበር ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ነቀምቴ አብረው ሄዱ። በዚያም ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር፤ ከተጋቡ አራት ወር አልሞላቸውም። መቃብራቸው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ይገኛል።

ይህ ሞት ከቤተሰብ ኀዘን ያለፈ ትርጉም አለው። ወላድን ለመታደግ የሚያስፈልገው ብቁ ባለሙያ፣ ደምና የቀዶ ሕክምና በጊዜው ካልተገኘ ማዕርግም ሀብትም አያድንም። የንጉሠ ነገሥት ልጅና የሠለጠነች ነርስ በክረምት፣ ከመዲናዪቱ ርቀው በ22 ዓመታቸው ከሞቱ፣ በየገጠሩ ሞታቸው ሳይመዘገብ የቀረውን እናቶች ብዛት መገመት አያዳግትም።

ስምና ሆስፒታል

በለንደን ለኢትዮጵያ ነጻነት ጋዜጣ ያዘጋጁ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክረስት፣ የልዕልቲቱን መታሰቢያ ሐውልት ሳይሆን ሆስፒታል ለማድረግ በብሪታንያ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘመቻ አካሄዱ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል ተከፈተ፤ ነርሶችም በዚያ መሠልጠን ጀመሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1949 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት የተቋቋመው በልዕልቲቱ የልጅነት ሰፈር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል በተባለው በቀድሞው ቤተ ሳይዳ ነበር። በዚህ መንገድ እሳቸው በስደት ብቻ ሊያገኙት የቻሉት ሙያ በአገር ውስጥ የሚገኝ ሆነ።

በመታሰቢያ ሆስፒታሉ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ምዕራፍ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በዚያ ዓመት የማሕፀንና የጽንስ ሐኪሞቹ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አዋላጅ ነርሶችን ለማሠልጠን ከአውስትራሊያ መጡ። በዚያም በተራዘመ ምጥ ምክንያት ፊስቱላ የደረሰባቸውን፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው ከሰው የተገለሉ ሴቶችን አገኙ። ቀዶ ሕክምናው መሳካቱ በተሰማ ቁጥር ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡት ሴቶች በዙ። በጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ ግን ከሌሎች ሕሙማን ጋር አብሮ ማስተኛቱ አስቸጋሪ ነበር፤ ለእነዚህ ሴቶች የተለየ ክፍል፣ የተለየ አልጋና ችግራቸውን የሚረዳ አስታማሚ አስፈለገ። ከዚህ ልምድ እ.ኤ.አ. በ1974 ራሱን የቻለው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ተመሠረተ። በወሊድ ዘመን ሕይወታቸው ባለፈ ወጣት ስም የተሠራው ሆስፒታል፣ ከወሊድ ጉዳት ለተረፉ ሴቶች የመጀመሪያው መጠጊያ ሆነ።

ከአብዮቱ በኋላ የሆስፒታሉ ስም ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ፤ ሰፈሩም በዚሁ ስም ይጠራል። ታላቅ እህታቸው ልዕልት ዘነበወርቅም በወጣትነታቸው ሲሞቱ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በተሠራው ሆስፒታል ስማቸው ተሰጥቶ ነበር። ዛሬ ያ ሆስፒታል አለርት ቢባልም ሰፈሩ ግን ዘነበወርቅ እንደ ተባለ ቀርቷል። የአንዷ እህት ስም በታክሲ ረዳቶች አፍ ሲኖር፣ የነርሷ እህት ስም ከበሩ ወርዷል።

ማጠቃለያ

ልዕልት ፀሐይ በነርስነት ያገለገሉበት ጊዜ እጅግ አጭር በመሆኑ፣ የሥራቸውን መጠን ከመታሰቢያቸው ስፋት ጋር ማስተካከል ስህተት ይሆናል። ንጉሣዊ ልደታቸው ባይኖር ኖሮ ሞታቸው ሆስፒታል ባላስገነባም ነበር። የታሪካቸው ጠቀሜታ ሌላ ነው። ከፍ ባለ ቤት የተወለደች ሴት የሕመምተኛን አልጋ ማንጠፍ ትምህርትና ክብር ያለው ሥራ መሆኑን በምርጫዋ አሳየች፤ በሞቷም የሙያው እጥረት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ታየ። ከዚያ በኋላ የተከተሉት የነርሶች ትምህርት ቤቶች፣ የአዋላጆች ሥልጠናና የፊስቱላ ሕክምና የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ የተለየ ሕመም ያለበት ሰው የተለየ ክፍልና የሠለጠነ አስታማሚ ያስፈልገዋል። በሳንባ፣ በደምም ሆነ በሌላ የዕድሜ ልክ ሕመም ለተያዙ ሕፃናት ዛሬ የሚጠየቀው የሆስፒታል ማሻሻያም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሕንፃው በአንድ የምረቃ ቀን ይከፈታል፤ አስታማሚው ግን በየዓመቱ መሠልጠን፣ ከመዲናዪቱም ውጭ መገኘት አለበት።