አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ በማለቱ የተነቀፈው አልፍሬድ ቬገነር

አህጉራት እንደሚንቀሳቀሱ ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ከመማሪያ መጽሐፉ ያገኘዋል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ይህን ሐሳብ በማስረጃ አስደግፎ ያቀረበው ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር ከብዙ የስነ ምድር ሊቃውንት ያተረፈው ትችትና ፌዝ ነበር።

ቬገነር እ.ኤ.አ በ1880 በበርሊን ተወለደ። በ1905 በስነ ፈለክ የዶክትሬት ዲግሪ ቢያገኝም፣ ልቡ ያዘነበለው ወደ አየር ሁኔታ ጥናት ነበር። በ1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በባሉን ከ52 ሰዓታት በላይ ሳያርፍ በመብረር የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመትም ለመጀመሪያ ጊዜ ለምርምር ወደ ግሪንላንድ ተጓዘ።

ወደ አህጉራት ጥያቄ የሳበው የዓለም ካርታ ነው። የደቡብ አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻና የአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ እንደ ተሰበረ ገል እርስ በርስ ይገጥማሉ። የቅርጽ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ስለማይሆን ግን ቬገነር ወደ ጥንታውያን ሕያዋን ቅሪተ አካላት ተመለከተ። ሜሶሳውረስ የተባለው አነስተኛ ተሳቢ እንስሳ ቅሪት የተገኘው በደቡብ አሜሪካና በደቡባዊ አፍሪካ ነው፤ እንዲህ ያለ ፍጡር ሰፊውን አትላንቲክ ውቅያኖስ ዋኝቶ ሊሻገር አይችልም። ግሎሶፕቴሪስ የተባለው ጥንታዊ ዕፅም በሁለቱ አህጉራት ብቻ ሳይሆን በሕንድና በአውስትራሊያ አለቶች ውስጥም ይገኛል።

በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሊቃውንት አህጉራትን ያገናኝ የነበረ የየብስ ድልድይ ወደ ባሕር ሰጥሟል ብለው ያምኑ ነበር። ቬገነር ግን የአህጉራት አለት ከውቅያኖስ ወለል አለት የቀለለ በመሆኑ ሊሰጥም እንደማይችል ተከራከረ። አህጉራቱ ራሳቸው በአንድ ወቅት አንድ ወጥ የብስ እንደነበሩ፣ ኋላም እንደተለያዩ በ1912 ይፋ አደረገ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከቆሰለ በኋላም በ1915 ሐሳቡን በመጽሐፍ አሳተመ።

ተቺዎቹ አንድ ከባድ ጥያቄ ነበራቸው፤ ይህን ሁሉ የብስ የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ምንድን ነው? ቬገነር የምድርን መሽከርከርና የጨረቃንና የፀሐይን ስበት ቢጠቅስም፣ እነዚህ ኃይሎች እጅግ ደካማ መሆናቸው በስሌት ታየ። በዚህ ረገድ ትችቱ ትክክል ነበር።

በ1930 በግሪንላንድ በረዶ መካከል ወደሚገኝ የምርምር ጣቢያ ስንቅ ለማድረስ ብርቱ ቅዝቃዜ ተቋቁሞ ተጓዘ። በጣቢያው የነበረው ምግብ ለሁሉም ስለማይበቃ፣ 50ኛ ዓመቱን በደፈነበት ዕለት ከግሪንላንዳዊው ራስሙስ ቪሉምሰን ጋር የመልስ ጉዞ ጀመረ። ሁለቱም በሕይወት አልተመለሱም። የቬገነር አስከሬን በቀጣዩ ዓመት በጥንቃቄ ተቀብሮ ሲገኝ፣ የቀበረው ቪሉምሰን ግን የደረሰበት አልታወቀም።

የጥያቄው መልስ የተገኘው በ1960ዎቹ ነው። የውቅያኖሶችን ወለል ያጠኑ ተመራማሪዎች በባሕር ሥር ባሉ ሸንተረሮች ላይ አዲስ አለት እየተፈጠረ ወለሉ ወደ ሁለት እንደሚከፈት አረጋገጡ። አህጉራት በባሕር ወለል ላይ የሚንሸራተቱ ሳይሆኑ፣ ከወለሉ ጋር የተያያዙ የግዙፍ ሰሌዳዎች አካል መሆናቸውም ታወቀ።

ይኸው ሂደት ዛሬም ዓረቢያን ከአፍሪካ እያራቀ ቀይ ባሕርን ያሰፋል። በ2005 በኢትዮጵያ አፋር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የምድር ክፍል በሳምንታት ውስጥ ሲሰነጠቅ፣ ቬገነር ከካርታና ከቅሪተ አካል ያነበበው እንቅስቃሴ በዓይን የሚታይ ሆነ።