ኒኮላይ ቫቪሎቭ፦ በኢትዮጵያ ተራሮች ዘር የለቀሙት ሊቅ

የዋግ ገበሬ በክፉ ዘመን ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠጋው ለዘር ያስቀመጠው እህል እንዳይበላ ነው። በ1977 ዓ.ም ድርቅ ጎታው ተራቁቶ፣ ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራው ያጣ ቤት ብዙ ነው። ይህን ሥጋት የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉት ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በኢትዮጵያ ተራሮች በበቅሎ ተጉዘዋል።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ በ1887 በሞስኮ ተወለዱ። አባታቸው በድህነት አድገው ነጋዴ የሆኑ ሰው ነበሩ፤ ልጁ ግን ንግዱን ትተው ግብርና ተማሩ። በ1921 የቮልጋን ምድር ሚሊዮኖችን የፈጀ ረሃብ ሲመታው፣ በፔትሮግራድ የነበረውን የዕፅዋት ምርምር ተቋም መምራት ጀመሩ። መንግሥት ያኔ ሳይንስን ያዳምጥ ነበርና ዓለምን ዞረው ዘር እንዲሰበስቡ ደገፋቸው።

በ1927 መባቻ አዲስ አበባ ገብተው ከአልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ጋር ተገናኙ፤ የጉዞ ፈቃድም አገኙ። ጓዛቸውን በበቅሎ ጭነው፣ ዋግን በስተምሥራቅ በሚተው መንገድ በጎንደር በኩል ወደ አክሱም፣ ከዚያም ወደ አስመራ ዘለቁ። በየማሳው፣ በየአውድማውና በየገበያው ቆመው ዛላ ለቀሙ። ጢም የሌለው ጠንካራ ስንዴ ሲያገኙ እጅግ ተደነቁ። ከፍታው፣ ተዳፋቱና አፈሩ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ በሚለዋወጥበት አገር የሰብል ዝርያም እንደሚበዛ ተገነዘቡ። በአበርገሌ ቆላ ማሽላ፣ በደጋው ገብስ የሚዘራ የዋግ ሰው ይህን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። ቫቪሎቭ ግን ነገሩን በካርታ አኑረው ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት ተርታ መደቧት።

ኋላ ነገር ተበላሸ። የስታሊን መንግሥት ዓመታትን የሚጠይቀው የዝርያ ማሻሻል ሥራ በጥቂት ዓመት እንዲጠናቀቅ አዘዘ። የዘረ መልን ሕግ የካደው ትሮፊም ሊሴንኮ ፈጣን ውጤት ቃል ገባ፤ ባለሥልጣናትም የሚወዱትን ስለነገራቸው አመኑት። ቫቪሎቭ አልተስማሙም። በነሐሴ 1940 ዘር ፍለጋ በወጡበት ዩክሬን ተያዙ፤ ሞት ተፈርዶባቸው ቅጣቱ ወደ ሃያ ዓመት እስር ተለወጠ። ሰውን ከረሃብ ለማዳን የደከሙት ሊቅ በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተጎድተው አረፉ። በዚያው ወቅት በጀርመን ጦር በተከበበችው ሌኒንግራድ የተቋሙ ባልደረቦች ሩዝና ስንዴ ታቅፈው እየተራቡ ሞቱ፤ ዘሩን ግን አልነኩም። ቫቪሎቭ ከወንጀል ነፃ መሆናቸው የታወጀው በ1955 ነው።

ኢትዮጵያ የራሷን የዘረ መል ባንክ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ በ1976 ሲሆን፣ ሳይንሱ ወደ ሕግ የገባው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። በአዋጁ መሠረት የዘረ መል ሀብቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሌላ ወገን ከሚያገኘው ጥቅም ማኅበረሰቡ ይካፈላል፤ ገበሬዎችም ዘራቸውን እርስ በርስ የመለዋወጥ መብት አላቸው።