አሌክሳንደር ሐሚልተንና የመንግሥት የዕዳ ሰነድ

አሌክሳንደር ሐሚልተን በካሪብያን ባሕር በምትገኘው በኔቪስ ደሴት ተወለደ። በልጅነቱ እናቱ ስለ ሞተችበት በነጋዴ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የጆርጅ ዋሽንግተን ረዳት መኰንን ነበረ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1789 የአገሪቱ የመጀመሪያ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ።

በዚያን ጊዜ መንግሥቱ በጦርነቱ ዕዳ ተይዞ ነበር። በደመወዛቸው ፈንታ የዕዳ ወረቀት የተቀበሉ ብዙ ወታደሮች ችግር ስለ ጸናባቸው፥ ወረቀቱን እጅግ ባነሰ ዋጋ ለነጋዴዎች ሸጠውት ነበር። ጄምስ ማዲሰን ለእነዚህ ለመጀመሪያዎቹ ባለወረቀቶች ድርሻ እንዲሰጣቸው ተከራከረ። ሐሚልተን ግን ገንዘቡ የሚገባው ወረቀቱን ለያዘው ሰው መሆኑን፥ ይህ ከፈረሰ ወደ ፊት ሰነድ የሚገዛ እንደማይገኝ አስረድቶ ረታ።

በ1790 በወጣው ሕግ አሮጌው ወረቀት በረጅም ዘመን ሰነድ ተለወጠ። ባለ6 በመቶውን ሰነድ የያዘ ሰው በየ3 ወሩ ወለዱን ይቀበላል፤ ዋናው ገንዘብ የሚመለስበት ቀን ግን አልተቈረጠም። ገንዘቡን ቶሎ የፈለገ ሰነዱን በገበያ ይሸጣል። ወለዱ የተወሰነ ስለ ሆነ የሚለዋወጠው የሰነዱ ዋጋ ነው፤ በመንግሥቱ ላይ ያለው እምነት ሲጨምር ይወደዳል፥ ሲጐድል ይረክሳል።

ሐሚልተን በ1804 ከአሮን በር ጋር በሽጉጥ ተጋጥሞ ቈስሎ ሞተ። የአገሪቱም ዕዳ በ1835 ተከፍሎ አለቀ። ትርፉ ግን ለመታገሥ አቅም ለነበረው እንጂ ተቸግሮ ለሸጠው ወታደር አልደረሰም።