መሀል ላይ የቆመው ሱልጣን

እሁድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ። ከሚሴ ያደገ ልጅ የሳምንቱን ቀናት በገበያ ነው የሚቆጥራቸው። ልጅ ሆኜ አያቴን ተከትዬ ሰንበቴ ገበያ ስሄድ ዓይኔ የሚያርፈው ደላላው ላይ ነበር። አፋሩ ግመልና ፍየል ነድቶ ይመጣል። የደጋው ሰው እህል ጭኖ ይወርዳል። ደላላው ግን ባዶ እጁን መጥቶ ብር ይዞ ይሄዳል። ሰውዬው ምን እንደሚሸጥ አያቴን ስጠይቃት ሳቀችና መሀል ላይ መቆሙን እንደሚሸጥ ነገረችኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚያች መልስ የተሻለ የንግድ ትምህርት አላገኘሁም። ዛሬ የማወራችሁም መሀል ላይ ስለቆመ አንድ ሰው ነው። ከሞተ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ስሙ ሰብረዲን ይባላል፤ የይፋት ሱልጣን ነበር።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ከታሪክ ደብተራችን በአንዲት መስመር ነው፦ በአፄ አምደ ጽዮን ላይ አመፀ፣ ተሸነፈ። አለቀ! እኔም ለፈተና ሸምድጄ ረስቼው ነበር። በኋላ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ለምን አመፀ?

መጀመሪያ ቦታውን እንይ። ከከሚሴ ተነስታችሁ በጨፋ ሮቢት፣ በሰንበቴና በአጣዬ አድርጋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትሄዱ በቀኛችሁ የደጋው ተራራ ቀጥ ብሎ ይታያችኋል፤ በግራችሁ ደግሞ ምድሩ እየሰፋ ወደ አዋሽና ወደ አፋር ይወርዳል። የይፋት ሱልጣኖች ያደጉት በዚህ ደጋና ቆላ በሚገናኙበት ዳገት ላይ ነው። ቤተሰቡ ወላስማ ይባላል። መሥራቹ ዑመር ወላስማ እ.ኤ.አ. በ1285 ከእነሱ በፊት የነበረውን የሸዋ ሱልጣኔት አፍርሶ ግዛቱን ጠቀለለ።

የይፋት ጉልበት መንገዱ ነበር። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ አዎ፣ በባርነት የተያዘ ሰውም ጭምር፣ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው በዚህ በኩል ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጨርቅና ጌጥም በዚሁ ይወጣል። በዚያው ዘመን የኖረውና ለግብፅ ማምሉኮች ጸሐፊ የነበረው አል-ዑመሪ፣ ይፋትን ለማቋረጥ በርዝመት 20፣ በወርድ 15 ቀን መጓዝ እንደሚያስፈልግ ጽፏል። በይፋት የሚገበያዩትም በግብፅ ዲናርና ዲርሃም መሆኑን መዝግቧል። አስቡት፤ በአጎራባች አገር ሰዎች ቁርጥራጭ ብረት ለገንዘብ ሲጠቀሙ፣ እዚህ ዳገት ላይ የካይሮ ሳንቲም ይቆጠር ነበር።

አፄ አምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1314 ነገሡ። ብዙም ሳይቆዩ ዳሞትንና ሐዲያን አስገበሩ። ይህ ምን ማለት ነው? ዕቃው የሚመጣበት አገር በንጉሡ እጅ ገባ፤ ዕቃው የሚወጣበት በር ግን አሁንም በይፋት እጅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰላም አይሰጥም።

የመጀመሪያው ግጭት የመጣው በሰብረዲን ወንድም በሐቀዲን ጊዜ ነው። አፄው ወደ ካይሮ ልከውት የነበረውን መልእክተኛ፣ ሲመለስ ሐቀዲን ያዘውና ገደለው። ንጉሡ ዘመቱ፤ ይፋትን መቱ፤ በሐቀዲን ቦታም ሰብረዲንን ሾሙ። እንግዲህ የኛ ሰው ወደ ሥልጣን የመጣው እንዲህ ነው፦ ወንድሙን ባሸነፈው ንጉሥ ፈቃድ፣ ግብር ሊከፍል ቃል ገብቶ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 1332 መጣ። ስለዚያ ዓመት በዝርዝር የሚነግረን በግዕዝ የተጻፈው የአምደ ጽዮን የጦርነት ዜና መዋዕል ነው። ጸሐፊው የንጉሡ ሰው ነው፤ ሰብረዲንንም ሲያነሳ በትዕቢተኛነቱና በክፋቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ፣ ክርስቲያኖችን አስገድዶ አሰለመ ይለዋል። እዚያው ክስ መሀል ግን እንደ እኔ ያለውን የኢኮኖሚክስ ተማሪ ከወንበሩ የሚያስነሳ ነገር አለ። ንጉሡ ለነጋዴዎች ወርቅና ብር ሰጥተው ዕቃ እንዲገዙላቸው ልከው ነበር። ሰብረዲን ነጋዴዎቹን አሰረ፣ ዕቃውንም ወረሰ።

አያችሁ? ንጉሡ ግብር ተቀባይ ብቻ አልነበሩም፤ ካፒታል አውጥተው የሚነግዱ ባለሀብትም ነበሩ። የእኔ ግምት እንዲህ ነው፦ የጌታህ ነጋዴ በኬላህ ሲያልፍ እንደ ማንኛውም ሲራራ ነጋዴ ቀረጥ አታስከፍለውም። የእሱ ዕቃ በበዛ ቁጥር የአንተ ገቢ ይቀንሳል፤ ግብሩ ግን አይቀንስም። የሰንበቴው ደላላ ገዢና ሻጩ በስልክ ተደዋውለው ሲጨርሱ የሚሰማውን አስቡት። ሰብረዲን የነበረበት ቦታ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እሱ ጦር ነበረው።

ሃይማኖቱ ምክንያት አልነበረም እያልኩ አይደለም። ነበረ፤ ሁለቱም ወገን ከልባቸው ያምኑበት ነበር። ግን ሃይማኖቱ በሰላሙም ዓመት ያው ነው። የተቀየረው የመንገዱ ሒሳብ ነው።

ሰብረዲን ትንሽ አላሰበም። ጦሩን በሦስት ከፍሎ ወደ ደጋው ሊያዘምት ተነሳ፤ ለሚይዛቸው አውራጃዎችም አስቀድሞ ገዢ ደለደለ። እንደ ዜና መዋዕሉ ከሆነ የንጉሡን መናገሻ መራዴን ይዞ ጫት ሊተክልባት ሁሉ ዝቶ ነበር። ይቺን ሳነብ ሳቄ መጣ። ዛሬ ከሰዓት ከሚሴ ላይ በርጫ የያዘ ሰው፣ የሚቅመው ቅጠል ከ690 ዓመት በፊት የፖለቲካ ዛቻ እንደነበር ማን ይነግረዋል?

ዛቻው አልሠራም። የንጉሡ ጦር ቀድሞ ደረሰ። የሰብረዲን ሰፈር ተዘረፈ፤ እሱም አምልጦ ወደ ደዋሮ ገዢ ወደ ሐይደራ ሸሸ። እየተከታተሉ መግቢያ መውጫ ሲያሳጡት በመጨረሻ ወደ ንግሥቲቱ ወደ ዣን መንገሣ መልእክት ላከ፤ ከንጉሡ እንድታስታርቀው ለመነ። በአገራችን ደንብ አማላጅ መያዝ የተሸናፊ የመጨረሻ በር ነው። በሩ ግን ነፃ አላወጣውም፤ ሲገባ ታሰረ። ከዚያ በኋላ የዜና መዋዕሉ ዓይን ወደ ሌሎች ጠላቶች ይዞራል።

በቦታው ማን ተሾመ? ሦስተኛው ወንድም፣ ጀማለዲን። ጀማለዲንስ ምን አደረገ? ብዙ ሳይቆይ ከአደል ጋር አብሮ አመፀ!

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሐቀዲን አመፀ፣ ሰብረዲን አመፀ፣ ጀማለዲን አመፀ። ሁለቱ በንጉሡ እጅ የተሾሙ ናቸው፤ ያለ ንጉሡ ዙፋኑን አያገኙትም ነበር። ዜና መዋዕሉ ነገሩን ሁሉ ከሰውየው ልብ፣ ከትዕቢቱ ያመጣዋል። እኔ ግን ሦስት ሰዎች በየተራ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ዓይነት ነገር ካደረጉ ወንበሩን ነው የምመረምረው። ወንበሩ ደግሞ መንገድ ላይ ነበር። ንጉሡ ሰው ይቀይሩ ነበር እንጂ ከዚያ መንገድ ለማን ምን ያህል ይድረስ የሚለውን ጥያቄ አልመለሱትም። ስለዚህ ጥያቄው የሰብረዲንን የልጅ ልጅ ልጆች ድረስ ተከተለ። ከእነሱ አንዱ ሐቀዲን ዳግማዊ ከደጋው ርቆ ወደ ምሥራቅ ወረደ። ወንድሙ ሰዓደዲን በ15ኛው መቶ ዓመት መባቻ ዘይላ ላይ ተገደለ፤ ደሴቲቱ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። ልጆቹ ወደ የመን ተሰደው ሲመለሱ አደልን አቆሙ። ከአደል በኋላ የመጣውን ጦርነት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

እስካሁን የነገርኳችሁ አብዛኛው ነገር ከአሸናፊው ብራና የተገኘ ነው። ሌላ ምስክር አለ፤ ድንጋይ። ባለፉት ሃያ ዓመታት ፍራንሷ ዣቪዬ ፎቬልና በርትራንድ ሂርሽ የመሯቸው የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የይፋትን ዳገት በእግር አስሰውታል። ኖራ፣ አስባሪ፣ መሳል፣ በሪ ይፋት በሚባሉ ቦታዎች በቁጥቋጦ ተውጠው የቆዩ ከተሞችን መዝግበዋል። መስጊድ አለ፣ የድንጋይ ቤት አለ፣ መቃብር አለ። የወላስማ ቤተሰብ መካነ መቃብርም ተገኝቷል፤ በድንጋዮቹ ላይ በዐረብኛ የወላስማ ስም ተቀርጿል። ብራናው ላይ ያለው ሰብረዲን ወራሪና አቃጣይ ብቻ ነው። ድንጋዩ ግን ግንበኛ ቀጥረው ከተማ የሠሩ፣ ሙታናቸውን በስም የቀበሩ ሰዎችን ያሳየናል። ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

እኛ ዞን ውስጥም ሾንኬ አለችላችሁ። አቀበቱን ወጥታችሁ ስትደርሱ አርጎባዎች ዛሬም በድንጋይ በተካቡ ቤቶች ይኖራሉ። እኔ ስወጣ ትንፋሼ ተቆርጦ ነበር፤ ከላይ ሆኜ ቆላውን ቁልቁል ሳይ ግን እነዚያ የጥንት ሰዎች ለምን ከፍታ እንደሚመርጡ ገባኝ። መንገደኛውን ከሩቅ ታየዋለህ።

ይህን ሁሉ ለምን አመጣሁት? ይኸው መንገድ ዛሬም የእንጀራችን ጉዳይ ስለሆነ ነው። ባለፉት ዓመታት በግጭት ሲዘጋ አይተናል። አጣዬ ስትቃጠል፣ ሰንበቴ ገበያ ሳይቆም ሲቀር፣ ከሚሴ ላይ መኪና ሲቆም አይተናል። ያኔ ሁሉም ሰው ጥፋቱን ከሌላው ልብ ውስጥ ሲፈልግ ነበር፤ እነ እገሌ በተፈጥሯቸው እንዲህ ናቸው እየተባለ። አንዳንዱም የሰብረዲንንና የአምደ ጽዮንን ስም ፌስቡክ ላይ እየመዘዘ ይሰዳደባል። ሰብረዲን ግን ለስድብም ለጀግንነት ፖስተርም አይመችም። ወንድሙን በጣለ ንጉሥ ተሾመ፣ ነጋዴ አሰረ፣ ደፈረ፣ ተሸነፈ፣ ምሕረት ለመነ። ሰው ነበር።

ሰዎቹን መቀየር አልበቃም ነበር፤ ያኔም አልበቃም። በዚህ መንገድ ዳር የሚኖረው ኦሮሞ፣ አማራ፣ አርጎባና አፋር ከመንገዱ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚከፍል ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቀድማል ባይ ነኝ። አያቴ ዛሬ የለችም። ባለፈው ሰንበቴ ስሄድ ግን ደላላው አሁንም መሀል ላይ ቆሞ በአንዱ ቋንቋ እየጠየቀ በሌላው ይመልስ ነበር። ገበያው ደህና ውሎ ሁሉም በጊዜ ወደየቤቱ ገባ።

ቸር እንሰንብት።