አኪባ ሩቢንስታይን፦ የግንብና የወታደር ፍጻሜ ሊቅ

በቼዝ ጨዋታ ብዙ ተመልካች የሚያደንቀው በገበታው መካከል ንግሥቶችና ፈረሶች እየተሠዉ የሚደረገውን የጋለ ፍልሚያ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ጠጠሮች ተበላልተው ካለቁ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ግንብና ጥቂት ወታደሮች ብቻ ሲቀሩ የሚጀምረው ፍጻሜ ከሌሎቹ የፍጻሜ ዓይነቶች ሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚያጋጥም፣ ትዕግሥትንም አብዝቶ የሚፈትን ነው። በዚህ ፍጻሜ አንድ ወታደር በብልጫ መያዝ ብቻውን ለድል አያበቃም፤ ተከላካዩ ግንቡን በነጻነት ማንቀሳቀስ ከቻለ ብዙውን ጊዜ አቻ ለመውጣት አያዳግተውም። ይህን ጠባብ ብልጫ ወደ ድል የመለወጥን ዘዴ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ አጥርቶ ያሳየው አኪባ ሩቢንስታይን ነው።

ሩቢንስታይን በ1880 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሩሲያ ነገሥታት አገዛዝ ሥር በነበረችው ፖላንድ፣ ስታቪስኪ በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ ያሰበለት የሃይማኖት መምህር እንዲሆን ስለ ነበረ በልጅነቱ ይማር የነበረው የሃይማኖት ትምህርት ነው። ቼዝን ያወቀው በአሥራዎቹ ዕድሜ ከገባ በኋላ ነው፤ ይህም አብዛኞቹ ታላላቅ ተጫዋቾች ከጀመሩበት ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር እጅግ የዘገየ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ሐሳቡን ሁሉ ጨዋታው ያዘው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ወደ ሞሉባት ወደ ሎጅ ከተማ ሄዶ በዚያ ከነበረው ብርቱ ተጫዋች ከገርሽ ሳልቬ ጋር ደጋግሞ በመግጠም ችሎታውን አዳበረ። በ1907 በካርልስባድ ሃያ አንድ ተጫዋቾች በተሰለፉበት ታላቅ ውድድር አንደኛ ሲወጣ ስሙ በመላው አውሮፓ ተሰማ።

በ1909 በሩሲያ ዋና ከተማ በሳንክት ፒተርስቡርግ በተደረገው ውድድር ከ1894 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን ከነበረው ከኢማኑኤል ላስከር ጋር ተገናኘ። ሩቢንስታይን ነጮቹን ይዞ ነበር። ንግሥቶቹ በ23ኛው እርምጃ ከተለዋወጡ በኋላ ጨዋታው ወደ ግንብ ፍጻሜ ገባ፤ ጥቂት እርምጃዎች እንዳለፉም ለነጩ አራት፣ ለጥቁሩ ሦስት ወታደሮች ቀሩ። ላስከር እጅግ ብርቱ ተከላካይ ስለ ነበረ በአንድ ወታደር ብልጫ እርሱን ማሸነፍ ቀላል አልነበረም።

ሩቢንስታይን ብልጫ ያገኘበትን ወታደር ወዲያውኑ ወደ ፊት አላሮጠም። አስቀድሞ ግንቡን በገበታው ጠርዝ በነበረው ብቸኛ የጥቁር ወታደር ፊት አቆመው። ላስከርም ይህን ወታደር ላለማጣት ግንቡን በሰባተኛው ረድፍ ማሰር ግድ ሆነበት። የነጩ ግንብ በቆመበት በስድስተኛው ረድፍ ደግሞ የጥቁሩን ንጉሥ መንገድ ዘጋ። በዚህ ዓይነት አንዱ ጠጠር ሁለት ሥራ ሲሠራ፣ የላስከር ግንብ ግን እንደ ምሰሶ ሸክሙን ተሸክሞ ከቆመበት የማይነቃነቅ ሆነ። ከዚህ በኋላ ሩቢንስታይን ወታደሮቹን በየተራ እያስጠጋ ንጉሡን እስከ አምስተኛው ረድፍ ድረስ አመጣ። ላስከር የሚያደርገው ስላልነበረው ንጉሡን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያመላልስ ነበር።

በ40ኛው እርምጃ ሩቢንስታይን በግራ ጠርዝ የነበረውን ወታደር አንድ ቤት ብቻ ገፋው። ይህች ትንሽ እርምጃ ማንንም አታጠቃም፤ የምትሠራው ተራውን ለላስከር መስጠት ብቻ ነው። በቼዝ ሕግ ተራን ማሳለፍ ስለማይፈቀድ ላስከር የግድ መንቀሳቀስ ነበረበት። ንጉሡ ቢነሣ ለነጩ ንጉሥ መግቢያ ይከፈታል፤ ግንቡ ረድፉን ቢለቅ የነጩ ግንብ በቦታው ይገባል፤ የጠርዙ ወታደር ቢገፋም መጥፋቱ አይቀርም። የዓለም ሻምፒዮኑ መሸነፉን ተቀበለ። ውድድሩም ሲያበቃ ሁለቱ ከ18 ጨዋታዎች እኩል 14 ነጥብ ተኩል አግኝተው አንደኝነቱን ተካፈሉ።

በ1911 በሳን ሴባስቲያን ሩቢንስታይን የወደፊቱን ሻምፒዮን ካፓብላንካን አሸነፈ፤ ውድድሩን በአንደኝነት የፈጸመው ግን ካፓብላንካ ነበር። በ1912 በአንድ ዓመት ውስጥ በአምስት ውድድሮች አንደኛ ወጣ፤ ከእነዚህም አንዱን የወሰደው ከሌላ ተጫዋች ጋር በመካፈል ነው። ከዚህ በኋላ ከላስከር ጋር ለሻምፒዮንነት መግጠም የሚገባው እርሱ መሆኑን ብዙዎች አመኑ። በዚያ ዘመን ግን የግጥሚያውን ጊዜና ሁኔታ የሚወስን ዓለም አቀፍ ድርጅት አልነበረም፤ ሻምፒዮኑ የሚጠይቀውን ገንዘብ ማሰባሰብ የተፎካካሪው ፈንታ ነበር። በ1914 ሊደረግ ታስቦ የነበረውንም ግጥሚያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አስቀረው።

ከጦርነቱ በኋላ ሩቢንስታይን በ1922 በቪየና አሌኪንን አሸንፎ አንደኛ ቢወጣም፣ በዚያው ዓመት በካፓብላንካ አሳሳቢነት የጸደቀው ደንብ ለሻምፒዮንነት ግጥሚያ 10,000 ዶላር እንዲቀርብ የሚጠይቅ ሆነ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚሰበስብለት ደጋፊ አልነበረውም። ስለዚህ በገበታው ላይ ሻምፒዮኖችን ያሸነፈ ሰው ለሻምፒዮንነት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይገጥም ቀረ።

በሌላ በኩል የአእምሮ ሕመሙ እየጠና ሄደ። የሰው ፊት መፍራት ስለ ጀመረ፣ ተራው የተጋጣሚው ሲሆን ከጠረጴዛው ርቆ ጥግ ይዞ ይቀመጥ እንደ ነበር ይነገራል። እንዲህም ሆኖ በ1930 በሃምቡርግ በተደረገው የቼዝ ኦሊምፒያድ ለፖላንድ ቡድን በአንደኛው ሠሌዳ ተሰልፎ ካደረጋቸው 17 ጨዋታዎች 13ቱን አሸነፈ፤ በአራቱ አቻ ወጣ፤ በአንዱም አልተሸነፈም። ፖላንድም የወርቅ ሜዳሊያውን ወሰደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከውድድር ፈጽሞ ራቀ።

ሩቢንስታይን ቤልጂግ ከገባ በኋላ የቀረ ዕድሜውን በዚያው አሳለፈ። ናዚዎች አገሪቱን በያዙበት ዘመን ብዙ አይሁዳውያን ሲያልቁ እርሱ በሕይወት ተረፈ። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1950 የታላቅ ሊቅነትን ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከተሸለሙት 27 ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። በመጋቢት 1961 በአንትወርፕ ከተማ በ80 ዓመቱ ዐረፈ።

ሻምፒዮን ባይሆንም አሠራሩ በተከታዮቹ እጅ ቆይቷል። በፖላንድ ከ1963 ጀምሮ በስሙ ውድድር ተካሂዷል፤ የእርሱን ስም የያዙ የጨዋታ አከፋፈቶችም አሉ። ስለ ግንብ ፍጻሜ የሚያስተምሩ ሰዎችም፣ ብልጫ ያገኘ ተጫዋች ከመሮጡ በፊት የተጋጣሚውን ግንብ ማሰር፣ ንጉሡን ማስጠጋት፣ ከዚያም መጠበቅ እንዳለበት ለማስረዳት ሲፈልጉ ያችን በ40ኛው እርምጃ አንድ ቤት የተገፋች ወታደር በገበታው ላይ ደርድረው ያሳያሉ።