ሃሩን ታዚየፍ፦ የአፋርን አለት የመረመሩ ሊቅ

የእሳተ ገሞራ ተመራማሪው ሃሩን ታዚየፍ እ.ኤ.አ. በ1914 በዋርሶ ተወልደው፣ በቤልጂየም በመጀመሪያ እርሻን፣ ቀጥሎም ሥነ ምድርን ተማሩ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ከጣሊያናዊው ጆርጂዮ ማሪኔሊ ጋር የጥናት ቡድን መርተው አፋር ገቡ። ቡድኑ የሰበሰባቸው ድንጋዮች ሲመረመሩ ልዩነታቸው ጎልቶ ወጣ። ከዳናክል ከፍታዎች ሥር የሚገኘው ጥንታዊ ግራናይት የአህጉር አለት ነው፤ በኤርታሌ ሰንሰለት የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ግን በይዘቱ የውቅያኖስን ወለል ይመስላል። በጭፍራ በኩል ካለው ገደላማ ጠርዝ እስከ ዳናክል ከፍታዎች ያለው ምድር እየሳሳና እየተለያየ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

እ.ኤ.አ. በ1976 በጓዴሎፕ ደሴት ላ ሱፍሪዬር ተራራ ጨሰ። ሌሎች ሊቃውንት በአመዱ ውስጥ የትኩስ ቅላጭ አለት ምልክት አለ ሲሉ፣ ታዚየፍ የወጣው የጋለ እንፋሎት ብቻ ነው ብለው ተከራከሩ። ከ70 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ለወራት ከቀየው ወጣ፤ እርሳቸውም ከኃላፊነታቸው ተነሱ። የተፈራው ታላቅ ፍንዳታ ግን አልመጣም።

እ.ኤ.አ. በ1984 በፈረንሳይ መንግሥት የከባድ አደጋዎች መከላከል ሚኒስትር ዴኤታ ሆኑ፤ በ1998 በፓሪስ አረፉ።

በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ ነዋሪዎች በመሬት መንቀጥቀጥ ከቀያቸው ሲነሱ እንደታየው፣ መሄድ ወይም መቆየት የሕይወት፣ የከብትና የማሳ ጉዳይ ነው። ውሳኔውም አስቀድሞ በተጠና አለት ላይ ሲቆም ይጸናል።